ደረቱ የተመታ ሰው ሲመጣ የትኛውን ምስል እናስቀድም? ራጅ፣ አልትራሳውንድ ወይስ ሲቲ

ተረኛ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ኢንተርኖች ደጋግመው ይጠይቁኛል። “ከሦስቱ የትኛው ይሻላል?” ይላሉ። ጥያቄው በደፈናው ከሆነ መልሱ አጭር ነው፤ ሲቲ ስካን ከሁሉም የበለጠ ያሳያል። ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ለቆመ ሰው ይህ መልስ ምንም አይፈይድለትም። እዚያ ሰዓት ላይ ራሳችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ። በሚቀጥሉት ጥቂት ደቂቃዎች የማደርገውን ነገር የሚቀይርልኝ የትኛው ምስል ነው? በሽተኛውስ ምስሉ እስኪነሳ ድረስ ይቆይልኛል ወይ?

ይህን የጻፍኩት ለጤና ባለሙያዎች ነው፤ በተለይ ራጅና አልትራሳውንድ ኖሯቸው ሲቲው ሌላ ከተማ ለሆነባቸው። ባለሙያ ሳትሆኑ አጠገባችሁ ደረቱ የተጎዳ ሰው ካለ ማንበቡን ተዉትና በፍጥነት ወደ ሕክምና አድርሱት።

1. መጀመሪያ ሰውየውን እዩ

የአየር መንገድ፣ አተነፋፈስ፣ የደም ዝውውር። ቅደም ተከተሉን ታውቁታላችሁ። ኦክስጅን ስጡ፣ ልብሱን በመቀስ ቅደዱ፣ ደረቱን በሁለቱም በኩል እዩ፣ አዳምጡ፣ ዳስሱ። ጀርባውንና ብብቱንም አትዝለሉ። ትንሽ የቢላ ቀዳዳ ብብት ሥር ተደብቃ ሳትታይ ታድራለች።

ምስል ጭራሽ የማይጠበቅበት ሁኔታ አለ። ሰውየው ትንፋሽ አጥሮታል፣ የደም ግፊቱ እየወረደ ነው፣ በአንዱ በኩል አየር አይገባም። የአንገቱ ደም ሥሮች ተወጥረው ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ደም ከፈሰሰው ግን ላይወጠሩ ይችላሉ። ይህ ቴንሽን ኒሞቶራክስ ነው። ደረት ውስጥ የታፈነው አየር ሳንባውን ጨፍልቆ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም እየዘጋ ነው። “ራጁ ይምጣና” አትበሉ። ለአዋቂ ሰው አየሩን የሚያስወጣው መርፌ የሚገባው በ4ኛው ወይም በ5ኛው የጎድን አጥንቶች ክፍተት፣ ከብብት መሃል መስመር ትንሽ ወደ ፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 10ኛው የኤቲኤልኤስ (የከባድ አደጋ ሕክምና የሥልጠና መመሪያ) እትም ቦታውን ከድሮው የቀየረው ለአዋቂዎች ነው። ለሕፃናት የድሮው ቦታ እንዳለ ነው፤ 2ኛው ክፍተት፣ በክላቪክል (ከትከሻ ወደ ደረት መሃል የሚሄደው አጥንት) መሃል መስመር። ከመርፌው ቀጥሎ ቸስት ቲዩብ (አየርና ደም ከደረት የሚያወጣ ቱቦ) ይገባል። የአልትራሳውንዱ ፕሮብ (ሰውነት ላይ የሚያርፈው ክፍል) እጃችሁ ላይ ካለ በሰከንዶች ውስጥ ማየት ትችላላችሁ። ማሽኑን ፍለጋ ሰው መላክ ግን አይታሰብም።

2. ምስል ያስፈልገዋል ወይ?

ደረቱን የተመታ ሁሉ ራጅ አይነሳም። ነክሰስ ቸስት የሚባል መመዘኛ አለ። የሚያገለግለው ከ14 ዓመት በላይ ሆነው በግጭት፣ በመውደቅና በመሳሰለው ለተጎዱ ነው፤ ለተወጋ ወይም በጥይት ለተመታ አይሆንም። ሰባት ነገር ያያል። ዕድሜው ከ60 በላይ ነው? በከፍተኛ ፍጥነት ተጋጭቷል ወይም ከ6 ሜትር በላይ ወድቋል? ደረቱን ያመዋል? ጠጥቷል? ንቃቱ ተዛብቷል? ሐሳቡን የወሰደ ሌላ ከባድ ሕመም፣ ለምሳሌ የተሰበረ ጭን አለው? ደረቱ ሲነካ ያመዋል? ለሰባቱም መልሱ “የለም” ከሆነ ከባድ የደረት ጉዳት የመኖር ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ያለ ምስል ማሰናበት ይቻላል።

እኛ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ግን ቢያንስ አንዱን አያጡም። ባጃጅ የተገለበጠበት፣ ከግንባታ መወጣጫ የወደቀ፣ በቅሎ የረገጠችው፣ በሬ የወጋው። እነሱ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

3. አልትራሳውንዱን አልጋው ድረስ አምጡ

በብዙ ሆስፒታሎች ማሽኑ ያለው እናቶች ክፍል ነው። ለእርግዝና ክትትል ስለተገዛ ከዚያ ሲወጣ ቅር የሚላቸው አሉ፤ እውነት አላቸው። ስለዚህ ክፍሉ ባልተጨናነቀበት ቀን ተነጋገሩ። ቁልፉ ማን ጋ ያድራል? ጄሉ የት ይቀመጣል? ማን ገፍቶ ያመጣዋል? ለፅንስ የሚያገለግለው ፊቱ ጎበጥ ያለ ፕሮብ ለደረትም ይሠራል። ፊቱ ቀጥ ያለው ካለ ደግሞ የሳንባ ሽፋንን አጥርቶ ያሳያል።

አልትራሳውንድን ከራጅ የማስቀድመው ስለምወደው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የኮክሬን (ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ተቋም) ግምገማ በድንገተኛ ክፍል በጀርባቸው በተኙ ተጎጂዎች ላይ ሁለቱን አወዳድሮ ነበር። ኒሞቶራክስ (በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል የገባ አየር) ካለባቸው 100 ሰዎች አልትራሳውንድ 91 ያህሉን ያገኛል። ራጅ የሚያገኘው 47 ያህሉን ነው፤ ከግማሽ በታች። “አለ” ሲሉ ግን ሁለቱም እምብዛም አይሳሳቱም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰውየው በጀርባው ሲተኛ አየሩ ወደ ደረቱ ፊት ይወጣል፣ ሳንባው ከኋላ ይቀራል። ራጁ ከላይ ወደ ታች ስለሚያይ ሁለቱን ደራርቦ ደህና ያስመስላቸዋል። ፕሮቡ የሚያርፈው ደግሞ አየሩ በተሰበሰበበት ቦታ ላይ ነው።

እንበል ከመወጣጫ የወደቀ የ35 ዓመት ሠራተኛ ፊታችሁ ተኝቷል። “ወንድሜ፣ እንደተመቸህ ተንፍስ፣ ጄሉ ትንሽ ይቀዘቅዛል” በሉት። ፕሮቡን ከክላቪክል መሃል ወደ ታች በሚወርደው መስመር ላይ፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ባሉት የጎድን አጥንት ክፍተቶች ላይ አሳርፉ። የፕሮቡ ምልክት ወደ በሽተኛው ጭንቅላት ይሁን። ጥልቀቱን ወደ 5 ሴንቲሜትር ቀንሱ። ስክሪኑ ላይ ሁለት የጎድን አጥንቶች ጥቁር ጥላቸውን ወደ ታች ጥለው ይታያሉ። በመካከላቸው፣ ከአጥንቶቹ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ደማቅ ነጭ መስመር አለ። የሳንባ ሽፋኑ እሱ ነው። አሁን እጃችሁን አታነቃንቁ፤ ትንፋሹን ብቻ ጠብቁ።

መስመሩ እያብለጨለጨ ወዲያና ወዲህ ከተንሸራተተ እዚያ ቦታ ላይ ኒሞቶራክስ የለም። ከመስመሩ ተነስተው እስከ ስክሪኑ ግርጌ የሚወርዱ ነጭ ጨረሮች ከታዩም እንደዚያው። እንደተወጠረ ክር ፀጥ ካለ ጠርጥሩ። ካጠራጠራችሁ ኤም ሞድን (የአንድ መስመርን እንቅስቃሴ በጊዜ ዘርግቶ የሚያሳየውን) ተጫኑ። ደህና ሳንባ ከመስመሩ በላይ ቀጥ ያሉ ሰረዞች፣ ከመስመሩ በታች የአሸዋ ዓይነት ነጠብጣብ ያሳያል። ከላይ እስከ ታች ሰረዝ ብቻ ከሆነ ሽፋኑ አይንሸራተትም ማለት ነው። ከዚያ ፕሮቡን ቀስ እያላችሁ ወደ ጎን ውሰዱት። የሚንሸራተተውና የማይንሸራተተው አንድ ስክሪን ላይ የሚገናኙበትን ቦታ ካገኛችሁ ነገሩ አለቀ፤ ኒሞቶራክስ ነው። ቦታውም አየሩ እስከ የት እንደደረሰ ይነግራችኋል። ሳንባው ሙሉ ለሙሉ ከተኮማተረ ግን ይህ መገናኛ አይገኝም።

አለመንሸራተት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቲቢ ብዙ በሆነበት አገር ይህን ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ከዓመታት በፊት የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው የሳንባው ሽፋን ከደረቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። የተጣበቀ ሽፋን አየር ባይኖርም አይንሸራተትም። ስለዚህ “አባቴ፣ ከዚህ በፊት የሳንባ መድኃኒት ለወራት ወስደው ያውቃሉ?” ብሎ መጠየቅ አንድ ቸስት ቲዩብ ያድናል። ቱቦ ወደ ጉሮሮው የገባለት ሰው ላይ ደግሞ ግራ ሳንባው ፀጥ ካለ መጀመሪያ የቱቦውን ልክ ተመልከቱ። በጣም ጠልቆ ቀኙን ሳንባ ብቻ እየነፋ ይሆናል። ከቆዳ ሥር አየር ገብቶ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ምስሉ አይወጣም፤ አትድከሙ። ያ መንኮሻኮሽ ራሱ ትልቅ ምልክት ነው።

ሁለቱን ሳንባዎች እንደጨረሳችሁ ወደ ልብ ዙሩ። ፕሮቡን ከደረት መሃል አጥንት ጫፍ ሥር አድርጋችሁ ወደ ግራ ትከሻ አቅጣጫ፣ አግድም ለማለት ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርጉት። ጥልቀቱን ወደ 15 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉ። በልብ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ካያችሁና ግፊቱ ከወረደ የልብ ከረጢት ውስጥ ደም አለ ማለት ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ አሁኑኑ ይጠራ። አንድ ወጥመድ አለ። ልቡ የተወጋ ሰው ደሙ ከከረጢቱ አምልጦ ወደ ግራ ደረት ሊፈስ ይችላል። ያኔ በልብ ዙሪያ ምንም አይታይም፤ ግራ ደረቱ ግን ደም ሞልቷል። ሁለቱን አያይዛችሁ አንብቡ።

መጨረሻ ላይ ፕሮቡን በጎን በኩል፣ በቀኝ ከጉበት በግራ ከጣፊያ ከፍ አድርጋችሁ ከድያፍራም (ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ) በላይ ያለውን እዩ። ጥቁር ፈሳሽ ካለና የጀርባ አጥንቱ መስመር ከድያፍራም በላይም ቀጥሎ ከታየ ደረት ውስጥ ፈሳሽ አለ። አየር ቢሆን ኖሮ አጥንቱን ይጋርደው ነበር። አልትራሳውንድ ጥቂት አሥር ሚሊ ሊትር ፈሳሽ እንኳ ያያል። ፈሳሹ ሁሉ ደም ነው ማለት ግን አይደለም፤ ቲቢም የልብ ድካምም ፈሳሽ ያጠራቅማሉ።

ይህ ሁሉ ለለመደ ሰው ጥቂት ደቂቃ ነው። ያልለመደ ሰው ደግሞ በሰላሙ ጊዜ፣ ጤነኛ ባልደረባውን አስተኝቶ ይለማመድ። ደህናውን ደጋግሞ ያላየ የታመመውን አይለይም።

4. ራጁን አትናቁት

አንዳንድ ወጣት ሐኪሞች አልትራሳውንድ ከለመዱ በኋላ ራጅን የድሮ ሰው ዕቃ ያደርጉታል። አልስማማም። አልትራሳውንድ ፕሮቡ ያረፈበትን ቦታ ብቻ ነው የሚያየው። ራጅ ደረቱን በሙሉ በአንድ ፊልም ያሳያል። የተሰበሩ የጎድን አጥንቶች፣ የቱቦ አቀማመጥ፣ ጥይት፣ የመካከለኛው ደረት (በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ያለው ክፍል) ስፋት፣ ከድያፍራም በላይ የወጣ ጨጓራ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይታያሉ። ለነገ ማወዳደሪያም ይቀራል።

ከማንሳታችሁ በፊት ሐብልና የብረት መስቀል ፈልጉ። ማተቡን መበጠስ አያስፈልግም፤ በሽተኛውን ወይም ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ መስቀሉን ወደ ትከሻ ገፋ ማድረግ ይበቃል። ክታብም እንዲሁ። የሞኒተሩን ሽቦዎች ወደ ጎን አድርጉ። የተወጋ ከሆነ ቁስሉ አጠገብ ትንሽ የወረቀት መያዣ ሽቦ በፕላስተር ለጥፉ። ፊልሙ ላይ መግቢያው የት እንደሆነ ወዲያው ይታያል።

የአከርካሪ ጉዳት የማያሰጋ ከሆነና ሰውየው መቀመጥ ከቻለ ቁጭ አድርጋችሁ አንሱት። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ተቀምጦ በተነሳ ፊልም ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ደም የድያፍራሙን ጥግ ይሞላና ይታያል። ተኝቶ በተነሳ ፊልም ግን ደሙ ከጀርባ በኩል ተዘርግቶ ይተኛል። እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ደም አንዱን ወገን ትንሽ ደብዘዝ ከማድረግ ያለፈ ምልክት ላይሰጥ ይችላል። “ፊልሙ ትንሽ ነጣ ብሏል፣ አነሳሱ ነው” ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት ፕሮቡን ጎኑ ላይ አሳርፉ።

ተኝቶ የተነሳ ፊልም ልብንና መካከለኛውን ደረት ከልኩ በላይ ያሰፋል። ከ8 ሴንቲሜትር በላይ የሰፋ መካከለኛ ደረት የአኦርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ሥር) ጉዳትን ያስጠረጥራል፤ ጠባብ መሆኑ ግን ጉዳት የለም አያሰኝም። አንዱ የድያፍራም ጥግ ከሌላው ይልቅ ጠቁሮ ወደ ታች ጠልቆ ከታየ እዚያ አየር አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። የጎድን አጥንት ስብራት ካላያችሁ “አልተሰበረም” ብላችሁ አትጻፉ። ራጅ ከስብራቶቹ ግማሽ ያህሉን ሊስት ይችላል። ሲነካ የሚያመውን ሰው እንደተሰበረ ቆጥራችሁ ሕመሙን አክሙለት፤ በደንብ እንዲተነፍስና እንዲያስል ማድረግ ከፊልሙ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ቸስት ቲዩብ ከማስገባታችሁ በፊት ፊልሙ ላይ የግራና የቀኝ ምልክት ፈልጉ። ፊልም ተገልብጦ መሰቀሉ ያለ ነገር ነው። ምልክቱን ከጆሯችሁና ከእጃችሁ ጋር አስተያዩ። ሦስቱ ካልተስማሙ አቁሙ።

ለሲኒየር በቴሌግራም መላክ የተለመደ ሆኗል፤ ክፋት የለውም። ግን ፊልሙን የመስኮት ፍርግርግ ላይ ይዛችሁ አታንሱት። ማያ ሰሌዳው ላይ ሰቅላችሁ፣ የበሽተኛውን ስም ሸፍናችሁ፣ አራቱም ጠርዝ እንዲገባ አድርጋችሁ አንሱ።

5. ሲቲ ስካን፣ ለሚችልና ለሚያስፈልገው

ሲቲ የሚያየውን ሌሎቹ አያዩትም። የአኦርታን ጉዳት በደም ሥር ከሚሰጥ ማቅለሚያ ጋር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ራጅ ላይ እስኪጎላ ሰዓታት የሚፈጅ የሳንባ መቀጥቀጥን ወዲያው ያገኛል። ከጀርባ የተደበቀ ስብራት፣ የአከርካሪ ጉዳት፣ ትንሽ ኒሞቶራክስ፣ ሁሉም ይወጣሉ።

ዋጋውም አለው፤ የማወራው ስለ ብር ብቻ አይደለም። አንድ የደረት ራጅ ወደ 0.1 ሚሊሲቨርት ጨረር ይሰጣል። የደረት ሲቲ ከ5 እስከ 7 ሚሊሲቨርት። ለ60 ዓመት ሰው ብዙ ላያሳስብ ይችላል፤ ለ6 ዓመት ልጅ ግን ያሳስባል። ሕፃናት ላይ ራጅና አልትራሳውንድ አብዛኛውን ጥያቄ ይመልሳሉ። የልጅ የጎድን አጥንት ስለሚለጠጥ ሳይሰበር ሳንባው ሊቀጠቀጥ እንደሚችል ግን አስታውሱ። ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ እናቲቱ የሚያስፈልጋትን ምስል በፍርሃት አትከልክሏት። ፅንሱ ከደረት ምስል የሚደርሰው ጨረር ትንሽ ነው፤ የእናት መሞት ግን ለሁለቱም መጨረሻ ነው።

ማን ይነሳ? ራጁ ላይ የሚያጠራጥር ነገር የታየበት፣ በከፍተኛ ፍጥነት የተጋጨ፣ የደረት መሃል አጥንቱ፣ የጀርባ አጥንቱ ወይም ስካፑላው (ከትከሻ ጀርባ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት) ሲነካ የሚያመው ሰው ጥሩ ዕጩ ነው። ግፊቱ እየወረደ ያለ ሰው ግን ወደ ሲቲ አይሄድም። ቦታው ወይ እዚሁ አልጋው ላይ፣ ወይ ቀዶ ክፍል ነው። “ሲቲ ተነስቶ ይምጣ” የሚል ቀዶ ሐኪም ካጋጠማችሁ የግፊቱን ቁጥር እየነገራችሁ ተከራከሩት።

ሲቲ የሌለው ሆስፒታል ውስጥ ያለ ሰው አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ሪአክት-2 የተባለ ጥናት በኔዘርላንድስና በስዊዘርላንድ ተሠርቷል። ከባድ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ወዲያው መላ ሰውነታቸውን በሲቲ ማንሳትንና፣ በራጅና አልትራሳውንድ ጀምሮ እንዳስፈላጊነቱ ወደ ሲቲ መሄድን አወዳደረ። ሆስፒታል ውስጥ በሞቱት ሰዎች ቁጥር ልዩነት አልተገኘም።

ብዙ ማየት ብዙ ማከም ማለት እንዳይሆንም ተጠንቀቁ። ሲቲ ላይ ብቻ የታየ፣ ስፋቱ ከ35 ሚሊሜትር ያልበለጠ ኒሞቶራክስ ያለው፣ ትንፋሹ ደህና የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ በክትትል ብቻ ይድናል። በማሽን የሚተነፍስ ከሆነ ግን ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ሳትመክሩ አትወስኑ።

ወደ ሲቲ ክፍል ስትሄዱ የኦክስጅን ሲሊንደሩን መጠን ራሳችሁ እዩ። መርፌ ማስገባት የሚችል ሰው አብሮ ይሂድ። ሰውየው ጠፍጣፋ መተኛት መቻሉን አልጋው ላይ ሳለ ሞክሩት። ቸስት ቲዩብ ካለው ጠርሙሱ ከደረቱ በታች ይሁን፤ ቱቦውን ቆንጥጣችሁ አትዝጉት።

6. በሬ የወጋውና ሌሎች አስቸጋሪዎች

የበሬ ቀንድ ከታች ወደ ላይ ነው የሚገባው። ቁስሉ ሆድ ላይ ሆኖ ጉዳቱ ደረት ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ የተገላቢጦሹም እንዲሁ። ከጡት ጫፍ በታች የተወጋ ሰው ሆዱም እንደተወጋ ተቆጥሮ ይታይ። የድያፍራም ቀዳዳ ለሦስቱም ምስሎች አስቸጋሪ ነው፤ ሲቲም ይስታል። ጥሩ ዘዴ አለ። በአፍንጫ የጨጓራ ቱቦ አስገቡና ራጁን ድገሙ። ቱቦው ደረት ውስጥ ተጠቅልሎ ከታየ ጨጓራው ወጥቷል። ቱቦው ቦታው ላይ ቢሆንም ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ ለቀዶ ሐኪም አስተላልፉ።

ደረቱን ተወግቶ ምንም የማይሰማው፣ የመጀመሪያው ራጁም ደህና የሆነ ሰው ወዲያው ቤቱ አይሄድም። ከ3 እስከ 6 ሰዓት አቆይታችሁ ራጁን ድገሙ። “ደህና ነኝ፣ ልሂድ” ሲል መከራከሩ ያደክማል። ቢሆንም አቆዩት።

7. ሪፈር ስትጽፉ

ቸስት ቲዩብ ሲገባ በአንድ ጊዜ 1500 ሚሊ ሊትር ደም ከወጣ፣ ወይም በየሰዓቱ 200 ሚሊ ሊትር ለ2 እስከ 4 ሰዓት ከቀጠለ፣ የሚቀጥለው ምስል ሳይሆን ቀዶ ሕክምና ነው የሚታሰበው። መጀመሪያ ደውሉ፣ ወረቀቱ ይከተላል።

ሌላውን በሽተኛ ስትልኩ ወረቀቱ ላይ “ራጅ ተነስቷል” ብቻ አትበሉ። ተኝቶ ነው ተቀምጦ የተነሳው? በስንት ሰዓት? ቲዩቡ ከመግባቱ በፊት ነው ከገባ በኋላ? አልትራሳውንዱ በየትኛው ወገን ምን አሳየ? ያላያችሁትንም ጻፉ፤ “ልቡ በጋዝ ምክንያት አልታየም” የሚለው መስመር ለተቀባዩ ሐኪም ብዙ ይነግረዋል። ኒሞቶራክስ ኖሮት ቲዩብ ያልገባለት ሰው ረጅም የተራራ መንገድ ከመሄዱ በፊት ከሚቀበለው ሐኪም ጋር በስልክ ተነጋገሩ፤ አምቡላንስ ውስጥ ማዳመጥም ማስገባትም ይከብዳል። ፊልሙን በፖስታው ከታችሁ አብሮ ለሚሄደው ነርስ በእጁ ስጡት። ቤተሰብ ጋ የቀረ ፊልም ብዙ ጊዜ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ቤት ይቀራል፤ እዚያም ሲደርስ ሰውየው እንደ አዲስ ይነሳል።